የእትዬ አልጋነሽ አውራ ጣት

ባለፈው ሳምንት ዳባት ውስጥ አንድ ማመልከቻ ጸሐፊ ደጅ ላይ ተራ ስጠብቅ የታይፕ ድምፅ ሰማሁ። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ከዚያ ያቺ የመስመር ማለቂያ ደወል። እትዬ አልጋነሽን ካሰብኳቸው ስንት ጊዜዬ።

እትዬ አልጋነሽ ደባርቅ በተማርኩበት ትምህርት ቤት ታይፒስት ነበሩ፤ ለአክስቴም የግድግዳ ጎረቤት። ጣታቸው ሁልጊዜ የፈተና ማባዣ ቀለም ይሸታል፤ የሹራባቸው እጅጌ ተተርትሯል። የሙዚቃ መምህራችን ወደ አዲ አርቃይ ሲዛወር ርዕሰ መምህሩ የትምህርት ቤቱን የሙዚቃ ኪቦርድ አምጥቶ ጠረጴዛቸው ላይ ቁጭ አደረገው። "ያው ቁልፍ መምታት አይደል፣ እትዬ?" አላቸው። አርባን አልፈዋል፤ ሙዚቃ ነክተው አያውቁም። እሺ ያሉት ለእኔ ብለው ነው።

እኔ ምላሴ የሚያዝ ልጅ ነበርኩ። ሳወራ አንዱ ቃል ላይ እቀራለሁ፤ ስዘፍን ግን ይፈታልኛል። አባቴ ከመካነ ብርሃን መጥቶ "ስሟን እንኳ አስተካክላ ለማትናገር ልጅ ትምህርት ምን ይረባታል? ክረምት ሲገባ እወስዳታለሁ" ብሎ ለአክስቴ ነግሯት ሄዷል። በወላጆች ቀን ፊቱ እንድዘፍን ያሰቡት እሳቸው ናቸው።

መከራቸውን አዩ። ሃያ ዓመት ታይፕ የመታ ጣት ሁለት ቁልፍ አብሮ አይነካም፤ ከነካ የታይፑ ክንዶች ይቆላለፋሉ። ኮርድ የሚሉት የዘፈን ማጀቢያ ድምፅ ደግሞ ሦስት ቁልፍ በአንዴ ነው። እሳቸው አንድ በአንድ ቀጭ ቀጭ ያደርጉና ወደሚቀጥለው ኮርድ ሲሄዱ እጃቸውን ብድግ ያደርጋሉ። በዚያች ክፍተት ድምፁ ይቋረጣል፤ እኔም አብሬ ቀጥ እላለሁ። "የኔ ሆድ፣ ያሰርኩሽ እኔ ነኝ" ይሉና በብርድ የደረቀ ጣታቸውን እፍ ይሉበታል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የተዛወረው መምህር ሦስቱን ኮርዶች ስሎ የተወላቸውን ወረቀት ትክ ብለው አዩት።

"አንቺ፣ ይቺ ቁልፍ እኮ ሦስቱም ኮርድ ላይ አለች። ታዲያ ጣቴን ምን አስነሳው?"

አውራ ጣታቸውን እዚያች ላይ ተክለው ሌሎቹን ብቻ በዝግታ አንሸራተቱ። ድምፁ ሳይቋረጥ ከአንዱ ኮርድ ወደ ሌላው አለፈ። ደገሙት፣ ደጋገሙት። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ ዘፈኑን ጨረስኩ። ሁለታችንም እንደ ሞኝ ሳቅን።

በወላጆች ቀን ሊወስደኝ የመጣው አባቴ ዱላውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ፊት ለፊት ተቀምጧል። ዘፈኑ እኩሌታ ላይ ሲደርስ መብራት ጠፋ። ኪቦርዱ ዝም አለ። እንደ ወትሮው አብሬ ቀጥ ልል ስል ዘወር ብዬ አየኋቸው፤ አንገታቸውን ደፍተው አሁንም ቁልፎቹን ይጫናሉ። አውራ ጣታቸው አልተነሳም፤ ሌሎቹ ይሄዳሉ፣ ይመለሳሉ። እጃቸውን እያየሁ እስከ መጨረሻው ዘፈንኩ።

"መብራት መጥፋቱን ያወቅሁት ስትጨርሺ ነው" አሉኝ በኋላ። እንዴት እንደወደድኳቸው! ዋሽተውኝ ይሁን እውነታቸውን፣ ሳልጠይቃቸው ሞቱ።

አባቴን በማግስቱ መናኸሪያ ድረስ ሸኘሁት፤ ብቻውን ተሳፈረ።