ዝንብ ያላረፈበት ዓሣ

እሌኒ ከአሰላ ወደ ባሕር ዳር የመጣችው በምግብ ተቆጣጣሪነት ተመድባ ነው። ሰባታሚት በሚባለው ሠፈር አንዲት ክፍል ተከራይታ ብቻዋን ትኖራለች። ሥራዋ ሰው የሚያሳምመውን ምግብ ከበሽታው ቀድማ ማግኘት ነው። ገበያ ለገበያ ትዞራለች፤ በርበሬ ታሸታለች፤ ለውዝ ፈልፍላ ሻጋታ ትፈልጋለች፤ ዝናብ ያለ ወሩ ሲዘንብ «ምን ይዞብን ይመጣ ይሆን?» እያለች ትብሰለሰላለች። እንዲህ ላለ ሰው ወዳጅ አይበዛለትም። ሻጮቹ ገና ከሩቅ ሲያዩዋት፣ «መጣች ደግሞ፣ ሳይጨስ እሳት የሚታያት!» ይባባላሉ።

እንደ ቤቷ የምትገባበት አንድ ደጃፍ ብቻ ነበራት፦ ጣና ሐይቅ ዳር ያለው የዘሊካ ቤት። የዘሊካ ባል ቃሲም ዓሣ አጥማጅ ነው። ቤተሰቡ ሙስሊም፣ እሌኒ ክርስቲያን፤ የአንዱን ሥጋ ሌላው አይበላም። ዓሣ ግን ባራኪ አይሻም፤ አይታረድምና በማን ቢላዋ ታረደ የሚል የለም። ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለቱ ሴቶች አንድ ትሪ ይከባሉ። ዘሊካ እሾሁን እየለቀመች ታጎርሳታለች፤ እያጎረሰችም ታንጎራጉራለች፦

ሰው አይለይም ጣና ሁሉን ያበላል፤
ገበታው ቢለያይ ዓሣ ያስማማል።

እሌኒ የሳምንቱን ዝምታ የምትችለው በዚያች ጉርሻ ነበር።

ዘንድሮ ዝናቡ መስከረምን አልፎ ጥቅምትን ያዘ። ማዕበል የገፋው የእምቦጭ አረም ዳር ላይ በሰበሰና የዝንብ መንጋ አፈላ። ዘሊካ ደግሞ ልጇን ፈይዛን ከሐይቁ ማዶ ላለ የቁንዝላ ልጅ ልትድር ቀን ቆርጣለች። የቃሲም መረብ አብዛኛውን ጊዜ ባዶውን ስለሚወጣ፣ እሱ ያገኛትን በጥቂት በጥቂቱ እያደረቀ ለሠርጉ ያጠራቅማል። እሌኒም በመጣች ቁጥር፣ «ዝንብ አታሳርፉበት፤ እንቁላሏን ጥላበት ትሄዳለች» ትላቸው ነበር።

ሠርጉ ሲቃረብ አንድ ቅዳሜ ስትመጣ ዓሣው ማድረቂያው ቆጥ ላይ ተዘርግቷል። አንድም ዝንብ የለበትም።

ቃሲም ደረቱን ነፋ። «እይ እንግዲህ፣ ተቆጣጣሪዋ! ዛሬስ ምን ታወጪለታለሽ?»

እሌኒ ፈገግ ልትል አለችና ጎንበስ አለች። ከቆጡ ሥር ዝንቦቹ እንደ ተደፋ ኑግ መሬቱን አጥቁረውት ሞተዋል።

«ጋሽ ቃሲም፣ ምን አደረጉበት?»

«መድኃኒት ረጨሁበታ! ያን የሽንኩርቱን። ጎረቤቴ ለችግኙ ረጭቶ የተረፈውን ሰጠኝ። ዝንብ አይረፍበት ያልሽው አንቺ አይደለሽም?»

«እኔ ሸፍኑት ነው ያልኩት! ይሄኮ መርዝ ነው።»

«ሽንኩርቱንስ ትበሉት የለ?»

«ሽንኩርቱ ከተረጨ በኋላ ብዙ ሰንብቶ ነው የሚነቀለው። ዓሣው ግን ትናንት ጠጥቶት ነገ ሊበላ ነው።»

«እሳት ይጨርሰዋል።»

«እሳት ተባዩን ነው የሚጨርሰው፣ ጋሼ። ይሄን አይጨርሰውም።»

«ያ ረቢ! ዝንብ ሲያርፍ ቁጣ፣ ዝንብ ሲሞት ቁጣ! አንቺን የሚያገባ ሰው ምን ሊጎርስ ነው?»

ለሠርጉ በርበሬ የሚቀነጥሱት የጎረቤት ሴቶች ሳቁ። እሌኒ ፌዛቸውን ቻለችው። የምታሳያቸው የታመመ ሰው የላትም። ናሙና አዲስ አበባ ልካ ብታስመረምር መልሱ የሚደርሰው ከሠርጉ በኋላ ነው። በእጇ ያለው መሬት ላይ የወደቀው ዝንብ ብቻ ነው። ዝም ብትል ቅዳሜዋ አይነካባትም፤ ሠርገኛው ግን ከዚህ ዓሣ ሊበላ ነው፤ ሕፃኑም፣ እርጉዟም።

ዘሊካ እጇን በነጠላዋ ጫፍ እያበሰች ወጣች። «እሌንዬ፣ እውነት ይጎዳል?»

«ልጅ ሊገድል ይችላል፣ እታለም።»

«የታመመ አይተሻል?»

«አላየሁም። ሰው ሳይታመም ነው መናገር ያለብኝ።»

ዘሊካ ዓሣውን ዳበስ ልታደርግ እጇን ዘረጋችና መልሳ ሰበሰበችው። «ለወገኖቻችን በሬ አለ» አለች ቀስ ብላ። «ይሄን ለማን እንዳልሁት ታውቂያለሽ? ለአንቺና ለክርስቲያን ጎረቤቶቼ ነው። ከቁንዝላዎቹ ፊት አጠገቤ አስቀምጬሽ፣ እህቴ ናት ብዬ ላጎርስሽ።»

እሌኒ ወደ ሐይቁ ፊቷን አዞረች። ውሃው አመድማ ነበር፤ አንዲት ታንኳ ከእምቦጩ ለመውጣት ትታገላለች።

«ይቀበር» አለች። ዘሊካ በዓይኗ ጠቅሳው ቃሲም አካፋውን ሲያነሣም፣ «ከውሃው ይራቅ።»

«መቃብሩንም ትመርጪልኝ?» አለና ራቅ አድርጎ ቆፈረ።

በሠርጉ ቀን እሌኒ ሄደች። ለስላሳ ተሰጣትና ዳሱ ጥግ ተቀመጠች። ድቤው ይመታል፤ ፈይዛ እንደ ጨረቃ ደምቃለች። ዘሊካ የሥጋውን ትሪ ይዛ ስንት ጊዜ በፊቷ አለፈች። አልተቆጣቻትም፤ አላኮረፈቻትም። ሥጋውን ወደሚበሉት እንግዶች ነበር የምትሄደው፤ በእሌኒ እጅ ግን ጠርሙስ እንጂ ወጥ የሚጨመርበት እንጀራ አልነበረም።

በማግሥቱ አንድ ሐሳብ መጣባት። ከመቀበሩ በፊት የቀማመሰ ቢኖርስ? ጤና ጣቢያ ደወለች።

«ከሐይቅ ዳር ሠፈር ያስመለሰው፣ የተንቀጠቀጠ መጥቷል?»

«ማንም የለም። ምነው፣ የሰማሽው አለ?»

«የለም። እንዲሁ ነው።»

ስልኩን ዘግታ ብቻዋን ፈገግ አለች፤ ዓይኗ ግን እንባ አቀረረ። የምሥራቹን የምትነግረው ሰው ፈልጋ አጣች። ለራሷ ብቻ በለሆሳስ አንጎራጎረች፦

ታሞ ለዳነ ሰው እልል ይሉለታል፤
ሳይታመም ለቀረ ማን ዘፈን ያወጣል?

ቅዳሜ ደረሰ። እግሯ እንደ ልማዱ ወደ ሐይቁ ወሰዳት። በዘሊካ አጥር በኩል የሳህን ኳኳታና የልጆች ጫጫታ ይሰማል፤ ዘሊካ አንዱን «እጅህን ሳትታጠብ!» ስትለው ሰማች። እሌኒ በሩን ልታንኳኳ እጇን አነሣች። ከዚያ «ምን ብዬ ልግባ? የሚያቀርቡልኝ አጥተው ይሸማቀቁብኝ?» አለችና አወረደችው።

አልፋ ወደ ሽንኩርት ማሳው ወረደች። ያ ለቃሲም መድኃኒቱን የሰጠው ጎረቤት ችግኙ መኻል ቆሟል። የመርጫውን ዕቃ ከጀርባው አወረደና ፊቱን አጨፈገገ።

«ደግሞ ዛሬ ምን ሞቶ መጣሽ?»

«ምንም አልሞተም» አለች፣ ቀሚሷን ሰብስባ ቦዩን እየተሻገረች። «መድኃኒቱ ሲያልቅ ባዶ ዕቃውን ውሃ ትቀዱበት እንደሆነ ልጠይቅህ ነው።»