ማዶ የሌለው ውኃ

እትዬ ሙሉእመቤት ሃያ ሁለት ዓመት ጉለሌ ፋብሪካ ውስጥ ክር ሲፈትሉ የኖሩ ሴት ናቸው። እኔ አጸደ ደግሞ ከጎናቸው ያለው ማሽን ላይ ነው የምሠራው፤ ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤታሞችም ነን። ይህን ጉድ ያመጣሁባቸውም እኔው ነኝ፤ ምን ልደብቅ።

በ1976 ዓ.ም. ሁለታችንም ኮከብ ሠራተኛ ተባልንና ምጽዋን አምስት ቀን እንድንጎበኝ ተሸለምን። እኔ እልልታዬን አቀለጥኩት። እሳቸው «አልሄድም» አሉ። ባላቸው ጋሽ ዱጉማ አልጋ ላይ ከዋሉ ስምንት ወራቸው ነበር፤ ከሆስፒታልም «እንግዲህ ቤታቸው ይሁኑ» ተብለው ተመልሰዋል። ይህ ምን ማለት እንደሆነ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

«ትሄጃለሽ!» ብለው የተቆጡት ራሳቸው ጋሽ ዱጉማ ናቸው። ዕድሜያቸውን ከእንጦጦ እንጨት ሲያወርዱ የኖሩ፣ በክርክር ለቄስም ለዳኛም የማይረቱ ሰው። «ማዶ የሌለው ውኃ አለ ይሉኛል። እኔ ያልተሻገርኩት ወንዝ የለም፤ ሁሉም ማዶ አለው! ደግሞ ጨው ነው ይላሉ። አምጪልኝ፤ ሳልቀምሰው አላምንም።»

እስከ አሥመራ በአውሮፕላን፣ ከዚያ በአውቶቡስ ቁልቁል ወረድን። ሙቀቱ፣ ኧረ አይወራም! ወደቡ ጋ ስንደርስ እትዬ ሙሉ ቀጥ ብለው ቆሙ። ሰፈራችን ከነቤቱ ከነአጥሩ ቢጫንበት የማይሞላ መርከብ። ሙሉ ካሚዮን ከነጎማው አንጠልጥሎ የሚያወርድ ክሬን። ከመርከቦቹ ኋላ ደግሞ ምንም! ውኃ፣ ከዚያ ሰማይ፣ በቃ። እኔ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። እትዬ ሙሉ አማተቡና ቤተ ክርስቲያን የሚገቡ ይመስል ጫማቸውን አወለቁ።

«እትዬ፣ አሸዋው እግርዎን ያቃጥልዎታል!»

«ዝም በይ አንቺ!» አሉና እስከ ጉልበታቸው ገቡበት። ቀምሰው ፊታቸውን አጨማደዱ። «የፈጣሪ ያለህ! አጸደ፣ ይህ ሁሉ ሲኖር እኔ የት ነበርኩ?»

አምስቱንም ቀን ጠዋትና ማታ እየሄዱ ማዶውን ፈለጉ። አንዳንዴ እንባቸው ይመጣል። እኔም ያንን ያህል ነገር ሳይ ሆዴ ይባባል፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም።

በመጨረሻው ቀን አንድ ጀሪካን ሞሉ። እስከ ጉለሌ ድረስ ከጭናቸው አላወረዱትም። ሰፈር በጠዋት ደረስንና ባላቸው በሕይወት እንዳሉ ለማየት እየሮጡ ሲገቡ ጀሪካኑን ለእኔ ተዉት። ጎረቤት ወጥቶ «እንኳን ደህና ገባችሁ!» ይላል። ጎረቤታችን ብርቅነሽ ጀሪካኑን አይታ «ከየት ነው?» አለችኝ።

«ከምጽዋ። እትዬ ሙሉ ለጋሽ ዱጉማ ያመጡት ነው።»

ያልኩት ይህንኑ ነው! ግን ለበሽተኛ ከሩቅ አገር በጀሪካን የመጣ ውኃ እኛ ሰፈር ምንድን ነው? ጠበል ነዋ! ሻንጣዬን ከታክሲው እስካወርድ ኩባያው ዞሮ አለቀ። ደግሞ ጠበል አይተፋም፤ ሁሉም ዓይኑን ጨፍኖ እየተንገፈገፈ ዋጠው። ብርቅነሽማ ሆዷን ይዛ «ኃይለኛ ጠበል ነው» አለች።

እትዬ ሙሉ ወጥተው ባዶውን ጀሪካን ሲያዩ «ምነው አጸደ፣ ምነው!» አሉ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ተከትያቸው ገባሁ። ጋሽ ዱጉማ አጥንታቸው ብቻ ቀርቷል።

«የታለ?»

«ጎረቤት ጠበል መስሎት ጠጣው» አሉ እትዬ ሙሉ። «ግን ጨው ነው፣ ዱጉማ። ማዶም የለውም። አምስት ቀን ሙሉ ፈለግሁልህ፤ የለውም።»

አሁን ክርክሩ ሊጀመር ነው ብዬ ጠበቅሁ። ጋሽ ዱጉማ ግን ዓይናቸውን ጨፈን አደረጉና «አንቺ ካልሽማ የለውም» አሉ።

እትዬ ሙሉ አልጋው ጫፍ ላይ ዘፍ አሉ። ሠላሳ ዓመት አብረው ሲኖሩ ጋሽ ዱጉማ አንድ ቀን እሺ ብለዋቸው አያውቁም። የባላቸውን እጅ ይዘው እየነቀነቁ ያለቅሱ ጀመር።

«ተው እንጂ ዱጉማ! ተከራከረኝ እንጂ! ዋሸሽ በለኝ!»