ሜልቦርን ድረስ ተሸክሜው የመጣሁት በሽታ

ከአዲስ አበባ በወጣሁበት ምሽት እናቴ የሚጥል በሽታ ኪኒኔን ቪታሚን ጠርሙስ ውስጥ ገልብጣ ቦርሳዬ ውስጥ ከተተችልኝ። «የጠየቀሽ ካለ ቪታሚን ነው በይ» አለችኝ። ሰባት ዓመት ከጎረቤት ስንደብቀው ኖረናል፣ የአውስትራሊያ ሰው ምን አስጨነቃት? የምወደው ልጅ ሚኪያስ ሽማግሌ የላከ ጊዜም፣ «ልጄ ትምህርቷን አልጨረሰችም» ብላ የመለሰቻቸው እሷ ናት። ከሄዱ በኋላ፣ «በሽተኛ ድሬ የሰው ቤት አላፈርስም» እያለች አለቀሰች። እኔም አልተከራከርኳትም፤ ኪኒኑ እንኳን ለክርክር ለቁርስም አያነቃኝም ነበር።

ሜልቦርን ውስጥ ካርልተን የሚባል ሰፈር፣ አሥራ አንደኛ ፎቅ ላይ ከአንዲት ተማሪ ጋር ገባሁ። ጠዋት ጠዋት ትራሙ ሲያቃጭል በእንቅልፌ መሃል የሚያልፍ ይመስለኝ ነበር። እዚህ አገር ሐምሌና ጥቅምት በአንድ ቀን ይመጣሉ፤ ፀሐይ ነው ብዬ ልብስ ሳሰጣ ዝናቡ ይወርዳል። እንጀራው ሩዝ ይበዛበትና ሲነኩት ይፈረካከሳል። ይህን ሁሉ የማየው ግን በኪኒኑ መጋረጃ በኩል ነው። ሰው ሲያወራኝ ድምፁ ዘግይቶ ይደርሰኛል፤ አልዋሽም፣ ደስ የሚልም ነገር ነበረው።

ኪኒኑ ሊያልቅብኝ ሲል ሐኪም ጋ ቀጠሮ ቡክ አደረግሁ፤ ወደ ነርቭ ስፔሻሊስት ላኩኝ። ዶክተሯ ምርመራውን ሁሉ ጨርሳ አንድ ቀን ፊት ለፊቷ አስቀመጠችኝ።

«መጀመሪያ የወደቅሽው የት ነው?»

«ቤተ ክርስቲያን፣ ቆሜ ስዘምር። ሦስተኛ የጾም ቀኔ ነበር።»

«ሦስት ቀን ሳትበዪ?»

«ውሃም አልጠጣሁም።»

ብዕሯን አስቀመጠች። «ሁለተኛውስ?»

«እንድድን ስጾም።»

«እኔም ብሆን እወድቅ ነበር» አለች። ሰው ራሱን ሲስት እጅ እግሩ ሊንቀጠቀጥ እንደሚችል፣ የሚጥል በሽታ ግን እንደሌለብኝ፣ ኖሮብኝም እንደማያውቅ ቀስ ብላ አስረዳችኝ።

መድኃኒቱን በወራት ውስጥ እየቀነሰች አስተወችኝ። አንድ ቀን ሰንሻይን ከሚባለው ሰፈር፣ ከሥራ ስመለስ፣ ባቡር ውስጥ የሚኪያስ ሳቅ ትዝ አለኝ፤ ጥርት ብሎ፣ አጠገቤ የተቀመጠ ያህል። አሁን የሁለት ልጆች አባት ነው። ሰው እያየኝ አለቀስኩ። ተናደድኩም፤ በማን እንደምናደድ ግን አላውቅም።

እሁድ እውነቱን ልነግራት ቆርጬ እናቴ ጋ ደወልኩ። «መድኃኒቱን አስተዉኝ» ከማለቴ እልልታዋን አቀለጠችው።

«ጌታ ፈወሰሽ! አላልኩሽም?»

«እማዬ፣ ስሚኝማ፣ ሐኪሟ እኮ መጀመሪያውንም በሽታው...»

አላስጨረሰችኝም።

«የኔ ልጅ» አለችኝ፣ ድምፅዋ አንሶ፣ «ያኔ ሽማግሌዎቹን ስመልስ በሽታው ነበረብሽ አይደል?»

እስትንፋስዋ ይሰማኛል።

«ነበረብኝ፣ እማዬ።»

«ተመስገን» አለች እናቴ።