ግራጫዎቹ ስሞች

መጋቢት 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ከቴፒ የመጣው የኮምፒውተር ባለሙያ በአማን ከሚገኝ አንድ ጤና ጣቢያ ሥራውን ሳይጨርስ ሄደ።

አሮጌው የካርድ መዝገብ በኮምፒውተር ጥቁር መስኮት ላይ የሚታይ ጽሑፍ ነበር። ሠራተኞቹ «ሞተ» ብለው መጻፍ ስለሚከብዳቸው የሟቹን ስም ከነጭ ወደ ግራጫ ይቀይሩት ነበር። ወደ አዲሱ መዝገብ ሲዛወር ግን ፊደሉ እንጂ ቀለሙ አልተላለፈም፤ ኮምፒውተሩም ሙታንን በስልክ መልእክት ለቀጠሮ ይጠራ ጀመር። የመዝገብ ቤት ኃላፊዋ ማናልሞሽ የሟች ባሏን ቀጠሮ ቤቷ በቀረው ስልኩ ላይ አነበበች።

ባለሙያው ከአሮጌው መስኮት እያንዳንዱን ፊደል ከነቀለሙ መልሶ የሚያነብ ፕሮግራም ሠራ። በዚያ ሙቀት ጥቁር ሹራቡን አያወልቅም። ግራጫ ስም ባለፈ ቁጥር፣ ለቅሶ ቤት ሰው እንደገባ ሁሉ፣ ከወንበሩ ብድግ ብሎ ይቀመጣል።

«ጋሼ፣ የርስዎም ሰው አለበት?» አለችው ማናልሞሽ።

«እኔ ቀለም ነው የማየው። ስም አላነብም።»

«ታዲያ ለቀለም ነው የሚነሱት?»

ፊቱን ወደ ኮምፒውተሩ መልሶ ሥራውን ቀጠለ። ከሰዓት በኋላ ከማሻ የመጡት ታካሚዎች ዝርዝር ላይ ሲደርስ አንድ ግራጫ ስም ላይ ቆመ፤ ይህን ግን ደጋግሞ አነበበው። ከዚያ ኮምፒውተሩን ዘጋ። የማናልሞሽ ባል ያለበት ዝርዝር ገና አልተነካም ነበር።

ካርድ በሚወጣበት መስኮት በኩል አንዲት ሴት የቀበረችው ልጇ ለክትባት የተጠራበትን መልእክት ይዛ ከጠዋት ጀምሮ ተቀምጣለች። ሰውየው አጠገቧ ቁጭ አለ።

«የተሳሳትነው እኛ ነን፣ እናቴ። አይጠብቁ።»

ደግፎ አስነሳት፤ ባጃጅ አስቁሞም ወደ ቤቷ ሸኛት።