አጎቴ ለዓሦቻቸው የሣሉት ተራራ

የእናቴ ታላቅ ወንድም በሮቤ አስተምረው ጡረታ የወጡ ሰው ነበሩ። ምንም ነገር ከመሥራታቸው በፊት «ለማን ነው?» ብለው ይጠይቁ ነበር።

ባለፈው ክረምት ሳሎናቸው ባለው የመስታወት ገንዳ ውስጥ ያሉት ሦስት ዓሦች ጥግ ይዘው መብላት አቆሙ። አጎቴ በኦሮምኛ «ኢጆሌ ኮ»፣ ልጆቼ፣ ነበር የሚሏቸው።

«ከኋላቸው ባዶ መስታወት ነው፤ መጠለያ አጥተው ፈርተዋል» አሉኝ።

የቴሌቪዥን ካርቶን ቆርጠው፣ የሳነቴን ተራራ ጥቁር ድንጋይና ጅብራ የሚባለውን ረጅም የደጋ ተክል ሦስት ቀን ሙሉ ሣሉበት። ቀለሙ ውኃውን እንዳይነካ ካርቶኑን ከገንዳው ጀርባ በውጭ በኩል ለጠፉት።

«ጋሼ፣ ደማቅ አበባ ቢያደርጉበት እኮ እንግዳ ይወደው ነበር» አልኳቸው።

«እንግዳማ አይቶ ይሄዳል፤ የሚኖሩበት እነሱ ናቸው።»

በማግስቱ ዓሦቹ ወጥተው ሲበሉ አጎቴ አጨበጨቡ። እንዲያ ይታይልኝ ሳይሉ ለሌላው የሚደክሙ ሰው አላየሁም።

ካረፉ ወዲህ ዓሦቹን የምመግበው እኔ ነኝ። ምግቡን ስበትንላቸው ግን ወደ እኔ አይመጡም፤ አጎቴ ሲመግቧቸው ይቀመጡበት ወደነበረው ወንበር በኩል ይሄዳሉ። ያን ወንበር ከቀብሩ ጀምሮ ማንም ሊቀመጥበት አልደፈረም። ዛሬ ጠዋት ግን ዓሦቹ እንዳይራቡ ብዬ ከዚያ ልመግባቸው ተቀመጥኩበት።