ጥጃ ያላት ላም

ወረታ ላይ አስረው ያስገቡኝ ክፍል የሩዝ መጋዘን ነበር። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የተቀበለኝ የገለባው ብናኝ ነው፤ አስነጠሰኝ። «ይማርህ!» አለ ከጨለማው አንድ ድምፅ፣ ሌሎቹም ሳቁ። ሠላሳ ያህል ሰው ነበር። ከትምህርት ቤት «ለጥያቄ ትፈለጋለህ» ብለው ሲወስዱኝ ኪሴ ውስጥ ጠመኔ ነበረች፤ እሷንም በር ላይ ወሰዱብኝ።

የአማርኛ መምህር ነኝ፣ ግጥምም እጽፋለሁ። እዚያ ውስጥ ሌላ የምረባበት ነገር አልነበረኝም። ከሰዓት ከሰዓት ግጥም በቃሌ እልላቸዋለሁ፣ ጸጥ ብለው ይሰሙኛል፤ በዚህ እኮራ ነበር። አንድ ቅዳሜ ግን ገና አንዱን ስንኝ ሳልጨርስ፣ ከቆርቆሮው ግድግዳ ማዶ ጠባቂዎቹ ቴሌቪዥን ከፈቱ። ኳስ ነው። ሠላሳው ሰው ጀርባውን ሰጥቶኝ ጆሮውን ቆርቆሮው ላይ ለጠፈ። «ይቆዩ መምህር፣ በኋላ» አሉኝ።

ቀናሁ። በማላየው ሰውዬ፣ በቴሌቪዥን ተናጋሪው ቀናሁ። ልነቅፈው ብዬ አዳመጥኩት። «ያዛት» ይላል፤ «ያዛት፣ አሁንም ያዛት...» ተጫዋቹ ሲሮጥ ዓረፍተ ነገሩ ያጥራል። ሲቆም እሱም ዝም ይላል፣ ዝምታውም ይሰማል። ቤት አይመታ፣ ቅኔ የለው፤ ያየውን ነው የሚለው። ስንት ዓመት ሙሉ «የትንፋሽ ልክ፣ የትንፋሽ ልክ» እያልኩ ያስተማርኩትን ሰውዬው ሳያስበው ይሠራዋል። እርር ድብን አልኩ።

ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው፣ ባዶ ለባዶ እንዳሉ መብራት ጠፋ። ክፍሉ በአንድ አፍ «ውይ!» አለ። ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ ዞረ።

«መምህር፣ እርስዎ ይጨርሱልን እንጂ! ቃል መቼ ይቸግርዎታል?»

ደስታዬን አትጠይቁኝ። ጉሮሮዬን ጠርጌ ጀመርኩ፤ ኳሷን ከንጋት ኮከብ፣ ሜዳውን ከሐር ምንጣፍ አመሳሰልኩ።

«ኧረ መምህር፣ ሰማይ ሰቀሏትኮ! ያውርዷት!» ብሎ አንዱ አቋረጠኝ። ሳቁ። ያን ጊዜ ከበሩ ሥር የሚቀመጠው የፎገራ ሩዝ አራሽ ተነሣ። ያ «ይማርህ» ያለኝ ሰው ነው፤ ፊደል ያልቆጠረ፣ ኳስ ግን ሻይ ቤት ቆሞ ሲያይ የኖረ።

«ያዛት» አለ። «አንዱን አለፈ። ሁለተኛውን አለፈ። ጎሉን ቀና ብሎ አላየም... አያይም! ጥጃ ያላት ላም ወደ ቤት ስትመለስ መንገድ አታይም! ገባ! ገባ!»

ጩኸቱ ቆርቆሮውን አንቀጠቀጠው። ከጎኔ የነበሩት የይፋግ ሽማግሌ ግን አልጮኹም። የርብ ወንዝ ሞልቶ መንገዱን ስለዘጋው ከልጆቻቸው አንድም ጠያቂ ሳያዩ ከርመዋል፤ ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ። ለኔ ግጥም አንድ ቀን እንኳ እንዲህ ሆነው አያውቁም። ያቺ ስንኝ የኔ ብትሆን ምን ነበረበት!

በሩ ተበረገደ። ጠባቂው ዱላ ይዟል።

«ማነው ያስጮኸው? ማነው የተናገረው?»

አራሹ ሊነሣ ሲል ቀደምኩት። «የኔ ነው» አልኩ። «የተናገርኩት እኔ ነኝ።»

ሲመልሱኝ ጀርባዬን ግድግዳ ማስደገፍ አልቻልኩም። አራሹ በጣሳ ውኃ አጠጣኝና ወደ ጆሮዬ ተጠግቶ፣ «የተናገርኩት እኔ፣ ዱላውን የቀመሱት እርስዎ። ምነው መምህር?» አለኝ። ባዶውን ጣሳ መለስኩለት። ሌሎቹ ጀግና አሉኝ፤ ዛሬም ወረታ ገበያ ሲያገኙኝ ይሉኛል። ጀግንነት ምን አባቱ! ለአንድ አፍታ እንኳ ያቺ ስንኝ የኔ እንድትባል ብዬ ነው።

ዘንድሮ ስንኟን ሰሌዳ ላይ ጻፍኳት። ተማሪዎቹ ደጋግመው አነበቧት። አንዲት ልጅ እጇን አውጥታ፣ «መምህር፣ የእርስዎ ናት?» አለችኝ።

የኔ ናት ብል ማን ይከራከረኛል? ዱላ በልቼባታለሁ።

«አይደለችም» አልኩ። «አንድ የፎገራ ሩዝ አራሽ ነው ያላት።» ዞሬም ስሙን ከሥሯ ጻፍኩት፤ እየቀናሁ፣ በትልልቁ።