በውሃ ግሩፕ ላይ የለቀቅኩት ድምፅ

ይህ የሆነው ባለፈው ክረምት ነው። እስከ ዛሬ የምኖርበትን የጀሞ ኮንዶሚኒየም ደረጃ ስወጣ ትዝ ይለኝና ፊቴ ይግላል።

የምሠራው መካኒሳ አቦ አካባቢ ልብስ ስፌት ቤት ነው። ስሰፋ ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ ሰክቼ ስልኬን አዳምጣለሁ። እንዲህ ሳዳምጥ ነው ቴሌግራም ላይ አንዲት ሴት ያገኘሁት። ስሟን አትናገርም። በዱላ እንዳደገች፣ ስትወልድ ደግሞ እጇ ሳታስበው ልጇ ላይ ይነሳ እንደነበር፣ እንዴት ቀስ በቀስ እንደተወችው ትናገራለች። አትመጻደቅም፤ ሲያቅታት አቃተኝ ትላለች። እኔም የአምስት ዓመቷን ልጄን ሶልያናን በሆነ ባልሆነው መምታት ጀምሬ ስለነበር የልቤን የሚያውቅ ሰው ያገኘሁ መሰለኝ። የስፌት መኪናው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ።

ሴትዮዋ ታሪካችሁን በድምፅ ላኩልኝ ትላለች። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ሱቁ ጭር ሲል ስልኬ ላይ ቀዳሁ። እናቴ በሽቦ ትገርፈኝ እንደነበር፣ አሁን ልጄን ስመታ ራሴን እናቴን ሆኜ እንደማገኘው ተናገርኩ። ከዚያ ለሴትዮዋ ላስተላልፍ ከዝርዝሩ ከላይ ያለውን ስም ነካሁና ስልኩን ኪሴ ከተትኩ። ቅልል አለኝ።

ትንሽ ቆይቶ የሕንፃችን ኮሚቴ አቶ ግርማ በነዋሪዎቹ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ "እባካችሁ፣ ይህ ግሩፕ ለውሃ ጉዳይ ብቻ ነው" ብለው ጻፉ። ደግሞ ማን ምን ለቀቀ ብዬ እየሳቅኩ ስከፍተው የራሴ ድምፅ ነው። ለካ ልልክ ስል እሳቸው ውሃ መምጣቱን ስላስታወቁ ግሩፑ ከሴትዮዋ በላይ ወጥቶ ኖሯል። ቶሎ አጠፋሁት። ምን ዋጋ አለው፣ ሰዉ ሰምቶታል። አንዷ እንዲያውም የሚያለቅስ ፊት ልካ ነበር።

መጀመሪያ ያፈርኩት በጎረቤት ነው። ቀጥሎ እማዬ ትዝ ስትለኝ ስፌቱን ትቼ ተነሳሁ። የምትኖረው ከእኔ ጋር ነው። ቀን ቤት የምትውለው እሷ ስለሆነች፣ ውሃ ሲመጣ በርሜሉን እንድትሞላ ብዬ ግሩፑ ውስጥ ያስገባኋት እኔው ራሴ ነኝ። ዓይኗ ስለደከመ ጽሑፍ አታነብም። አቶ ግርማም እንደ እሷ ላሉት ብለው ውሃ ሲመጣ በድምፅ ነው የሚናገሩት። ስለዚህ ከዚያ ግሩፕ ድምፅ ከመጣ እማዬ ሳትከፍት አታልፍም።

ታክሲ ውስጥ፣ ምነው ስልኳ ባትሪ ጨርሶ በሆነ እያልኩ ስጸልይ ሄድኩ። ስገባ ነጭ ሽንኩርት እየላጠች ነበር። ቀና ብላ አላየችኝም።

"ሰምቼዋለሁ" አለች።

ቦርሳዬን እንኳ ሳላወርድ ቀጠለች።

"የበርበሬውን ለምን ተውሽው?"

ልጅ ሆኜ ሳጠፋ በርበሬ ፍም ላይ ነስንሳ ታጥነኝ ነበር። ይህንን ለማላውቃት ሴት እንኳ መናገር ከብዶኝ ነው የዘለልኩት።

"አፍሬ ነው እማዬ።"

"እኔንም ሲያጥኑኝ አፍሬ ለማንም አልተናገርኩም" አለችና ሽንኩርቷን ይዛ ኪችን ገባች። ያን ቀን ከዚህ ሌላ አልተነጋገርንም።

አሁን ሴትዮዋን አልፎ አልፎ አብረን እንሰማታለን። ሶልያናን መምታት ትቻለሁ፤ መጮኹ ግን አልለቀቀኝም። የጎረቤቱም ሐፍረት ቀስ በቀስ እየቀለለኝ መጥቷል። ያልቀለለኝ ሌላ ነው። የእኔን ቁስል ሕንፃ ሙሉ ሰው ሰምቶልኛል። እማዬን ግን ማን እንዳጠናት እስከ ዛሬ አልጠየቅኳትም።